ዘጠኝ ሰው፣ አንድ ኦርጋን እና ሃንደል

ነገሩን ከመጀመራችን በፊት በአንድ ቃል እንግባባ። እኛ አገር "ኦርጋን" ሲባል ኦርጋን ማለት አይደለም። ፈረንጆቹ ኦርጋን የሚሉት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሚያህል፣ በመቶዎች አንዳንዴም በሺዎች በሚቆጠሩ ቱቦዎች ውስጥ አየር እየተነፋ የሚጮህ፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት ጉድ ነው። እኛ ኦርጋን የምንለው ግን ብብት ሥር ተይዞ ሚኒባስ የሚሳፈረውን ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ነው። የኛ፣ የሚዛን ተፈሪው ኦርጋን፣ ከ61 ቁልፎቹ ሁለቱ ከሞቱ ቆይተዋል። አንድ ሌላ ቁልፍ ደግሞ ካልተጠነቀቁለት ችክችካ ያስጀምራል፤ ለማስቆም ሶኬቱን መንቀል ነው።

በዚህ ኦርጋን፣ በዘጠኝ ዘማሪና በአንድ ከበሮ ነው እንግዲህ ባለፈው የገና ዋዜማ የሃንደልን "ሃሌሉያ" ለመዘመር የተነሳነው። ሳቁ፣ ችግር የለም። እኛም መጀመሪያ ስቀን ነበር።

"እኛ" ስንል አራት ነን። አራታችንም የሚዛን ልጆች ነን። ሁለታችን አሁን አዲስ አበባ ነው የምንኖረው፤ አንዷ ጅማ፣ አንዱ ቴፒ። ከመካከላችን አንዷ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብታ ፒያኖ ተምራለች፤ ሌሎቻችን የተማርነው ከኑሮ ጋር የሚያያዝ ነገር ነው። ሚዛንን ለማታውቁት ደግሞ፦ ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ አድርጎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዛሬ ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን ትባላለች፤ እኛ ግን ከአፋችን አልወጣ ብሎ ሚዛን ተፈሪ እንላለን። ዝናቡ ወር አይመርጥም። ሙዙ በየደጁ ነው። ቡናው ደግሞ... ዓለም በውድ ዋጋ የሚሻማበት "ጌሻ" የሚባለው ቡና ስሙን የወሰደው ከኛ አካባቢ ነው ብንላችሁ ይበቃል። ቡናውን ያነሳነው ለጉራ አይደለም፤ ወደ ኋላ ላይ ለታሪኩ ያስፈልገናል።

ጋሼ

የመዘምራን አሰልጣኛችንን ሁላችንም የምንጠራቸው "ጋሼ" ብለን ነው። ቀን የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበሩ፤ ማታ ደግሞ የኛ። አንድ ካሴት ነበራቸው። አዲስ አበባ ለኮርስ ሄደው የገዙት የሃንደል "መሲሕ" ነው። ባትሪ እንዳይጨርስባቸው ካሴቱን በእስክሪብቶ ነበር የሚያጠነጥኑት። "ሃሌሉያ" ላይ ሲደርስ ቴፑን ያቆሙና ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው "ባሱን ሰማችሁት?" ይሉናል። እኛ የምንሰማው ብዙ ፈረንጅ በአንድ ላይ ሲጮህ ነው። እሳቸው ግን አራት ሰው ነበር የሚሰሙት። በስኩዌር ደብተር ላይ ሶፕራኖን በቀይ፣ አልቶን በሰማያዊ፣ ቴነርን በአረንጓዴ፣ ባስን በጥቁር እስክሪብቶ፣ ዶ ሬ ሚ እያሉ፣ ከካሴት ላይ በጆሯቸው ብቻ እየለቀሙ ጽፈውታል። ስንት ሌሊት እንደፈጀባቸው ሚስታቸው ያውቃሉ።

"አራቱም ድምፅ የሞላልን ቀን እንዘምረዋለን" ይሉን ነበር።

አራቱ ሞልቶ አያውቅም። ባስ ሲገኝ ሶፕራኖዋ ዐረብ አገር ትሄዳለች። ሶፕራኖ ሲተካ ቴነሩ ዩኒቨርሲቲ ይደርሰዋል። አንድ ዓመት ሦስት ተኩል ደርሰን ነበር። ያ ዓመት ካለፈ በኋላ እኛ ራሳችን ተራ በተራ ሄድን። እያንዳንዳችንን ጋሼ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ሸኝተውናል፤ ከመኪናው ስር ቆመው "ድምፅህን አትጣለው" እያሉ። ምን እንደጣልን እኛው እናውቃለን።

ባለፈው ኅዳር ሚስታቸው እትዬ ደወሉ። ጋሼን ስትሮክ መትቷቸዋል። ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም፤ ንግግራቸው ቀስ ብሏል፤ ልባቸው ግን ያው ነው። "ገናን ትመጡ ይሆን ልጆቼ?" አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ማታ አራታችን ቴሌግራም ላይ ተሰበሰብን። ከመካከላችን ማን እንደሆነ ዛሬ ብንጠያየቅም አንተማመንም፤ አንዱ ግን "ሃሌሉያ" ብሎ ጻፈ። ቀሪዎቹ አሜን አላልንም። "አብደሃል?" ነው ያልነው።

ሲጀመር ስንት ነበሩ?

ኖታውን ኢንተርኔት ላይ በነፃ ማውረድ ይቻላል። አወረድነው፤ ከፈትነው፤ መልሰን ዘጋነው። አራት ድምፅ ዘማሪ፣ ቫዮሊኖች፣ ቪዮላ፣ ቼሎ፣ ኦቦ፣ ሁለት ትራምፔት፣ ቲምፓኒ። እኛ ያለን ደግሞ አሁን ያሉት የመዘምራን ልጆች ስድስት፣ ከኛ ኦርጋን የምትጫወተውን ቀንሰን ሦስት፣ ድምር ዘጠኝ። አራት ሶፕራኖ፣ ሦስት አልቶ፣ ሁለት ቴነር። ባስ፦ ዜሮ።

ባስ የለም ስንል ጠፍቶ አይደለም። ከኛ ጋር ያደገ፣ ደረቱ እንደ ከበሮ የሚያስተጋባ ባስ አለን። ግን ገና የሚውለው ታኅሣሥ 29 ነው፤ ታኅሣሥ ደግሞ የቡና ወር ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን።

ተስፋ ከመቁረጣችን በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቅን፦ ይሄ ነገር ሲጀመር ስንት ሰው ነበር የዘመረው? ሃንደል መሲሕን ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1741 ከኦገስት 22 እስከ ሴፕቴምበር 14 ባሉት 24 ቀናት ጻፈው። (ለማነጻጸር ያህል፦ ያኔ ጎንደር ላይ ዳግማዊ ኢያሱ ነበሩ የነገሡት፤ እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ የቤተ መንግሥቱ ራስ።) ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበው ግን ደብሊን ነው፤ ኤፕሪል 13 ቀን 1742። አዳራሹ ጠባብ ስለነበር ሴቶቹ ቀሚስ የሚነፋውን ቀለበት ሳያደርጉ፣ ወንዶቹም ሰይፋቸውን ሳይታጠቁ እንዲመጡ ተለምነዋል። ዘማሪዎቹም ከከተማዋ ሁለት ካቴድራሎች የተውጣጡ 30 ገደማ ሰዎች ነበሩ። 30! ጋሼ ካሴት ላይ የምንሰማው ሠራዊት ኋላ የመጣ ነው። ሃንደል ከሞተ 25 ዓመት በኋላ፣ በ1784፣ ዌስትሚንስተር አቢ ውስጥ ዘማሪና ተጫዋቹ ተደምሮ ከ500 በላይ ሆነ። በ1859 ለንደን ክሪስታል ፓላስ ውስጥ ዘማሪው ብቻ ከ2,000 አለፈ። ትንሹ ነው የመጀመሪያው፤ ትልቁ ነው ቅጥያው።

ይህን ስናውቅ ትከሻችን ቀለለ። ከ30 ወደ 9 መውረድና ከ30 ወደ 2,000 መውጣት፣ የቱ ነው ከሃንደል የበለጠ የሚርቀው? ሂሳቡን ለናንተ ትተናል።

ቆርጦ መስፋት

ለአራት ድምፅና ለኦርኬስትራ የተጻፈን ለጥቂት ሰው ማሳነስ የሚመስለው የትልቅ ወንድምን ኮት ለትንሹ መስፋት ነው። እጅጌውን አሳጥሮ ትከሻውን መተው ያስቃል። ከስፌቱ ተፈትቶ ነው እንደገና መሰፋት ያለበት።

አንጋፋው ሰፊ ባኽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1731 ከጻፈው ካንታታ ቁጥር 140 ውስጥ አንዱን ክፍል ወስዶ ለኦርጋን ብቻ አድርጎ አሳትሞታል። መጀመሪያ የነበረው የቫዮሊንና የቪዮላ ዜማ፣ የቴነሮች መዝሙር፣ ከሥር ደግሞ ባስ ነው። ባኽ ዜማውን ለቀኝ እጅ፣ የቴነሮቹን መዝሙር ለግራ እጅ፣ ባሱን ለእግር ሰጠው። አለቀ። ሦስት መሥመር፣ አንድ ሰው። የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም፤ ምክንያቱም ያስቀረው ማጀቢያውን እንጂ ወሬውን አይደለም። ሞዛርትም እ.ኤ.አ. በ1789 ይህንኑ የሃንደልን መሲሕ ለቪየና ሰዎች ብሎ እንደገና አሰናድቶታል፤ ክላሪኔትና ሌላም ሌላም መሣሪያ ጨምሮ። እንግዲህ ባኽና ሞዛርት ከነካኩት እኛስ?

እናላችሁ ደረጃ በደረጃ ገባንበት። መጀመሪያ ቲምፓኒው። ኖታውን ብትገልጡት ቲምፓኒው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጫወተው ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ ሬ እና ላ፣ አንዱ ዝቅ አንዱ ከፍ። ከበሮ ደግሞ ሰፊ አፍና ጠባብ አፍ አለው፤ አንዱ ዝቅ አንዱ ከፍ። ልክ ሬና ላ አይሆንም፤ ግን ወንድምና እህት ናቸው። ከመዘምራኑ ልጆች አንዱ በአንድ ቀን ያዘው።

ትራምፔቶቹን ለኦርጋኗ ቀኝ እጅ ሰጠናቸው። ኦርጋኗ ላይ "ትራምፔት" የሚል ድምፅ አለ፤ ስንሞክረው የአይስክሬም መኪና መሰለ። ተራውን የኦርጋን ድምፅ መረጥን። ቪዮላውን ሙሉ በሙሉ ቆረጥነው፤ የሚዘምረውን አብዛኛውን ዘማሪዎቹ ይዘውታል። (ቪዮላ የምትጫወቱ ካላችሁ ይቅርታ።)

ከዚያ ቃሉ መጣ። ጋሼ ሁልጊዜ "ያልገባንን አንዘምርም" ስለሚሉ በአማርኛ መሆን ነበረበት። "ሃሌሉያ" የትም ቢሄድ አራት ነው፤ ሃ-ሌ-ሉ-ያ፣ አልከበደንም። "የነገሥታት ንጉሥ" የሚለው ግን በእንግሊዝኛ ሦስት ድምፅ ብቻ ነው፤ በኛ ስድስት ነው። እዚያ ላይ ሃንደል ራሱ አዳነን። ሶፕራኖዎቹ በአንድ ድምፅ ላይ ቆመው ነው የሚሉት፣ ቀጥለው ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ስለዚህ በቆሙበት ሦስቱን ስድስት ብናደርጋቸውም ዜማው አይሰበርም። የመጨረሻው አስቸጋሪ "ይነግሣል ለዘላለም" የሚለው ነበር። ስድስት ድምፅ የሚጠይቅ ቦታ ላይ "ለዘላለም" አራት ሆኖ አጠረ፤ "ከዘላለም እስከ ዘላለም" ዘጠኝ ሆኖ ረዘመ። ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን። በሦስተኛው ቀን አልቶዋ፣ 14 ዓመቷ ነው፣ ጎረቤታቸው ካለው ደብር ማታ ማታ የምትሰማውን አንሥታ "ለዓለመ ዓለም ብንልስ?" አለች። ለ-ዓ-ለ-መ-ዓ-ለም። ስድስት! ተያየን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን ልምምዱን ሊያዩ መጥተው "ይሄ የኦርቶዶክሶቹ አይደለም እንዴ?" አሉ። ጋሼ ቀስ ባለው አንደበታቸው፣ ቃል በቃል እየለቀሙ፣ "ዓለሙ... የሁላችንም ነው" አሉና ነገሩ ተዘጋ።

ባሱ ቡና ላይ ነው

አሁን ወደ ትልቁ ችግር። "ይነግሣልና ለዓለመ ዓለም" የሚለው ክፍል አንዱ ሌላውን እየተከተለ የሚገባበት ነው። መጀመሪያ የሚገባው ማን ይመስላችኋል? ባስ! ከዚያ ቴነር፣ ከዚያ አልቶ፣ ከዚያ ሶፕራኖ። ቤቱ ከመሠረቱ ነው የሚጀምረው፤ እኛ ደግሞ መሠረት የለንም።

ቴፒ አካባቢ ወዳለው ባሳችን ሄድን። የሚሠራው አንድ የቡና ሳይት ላይ ነው። የደረስነው ረፋድ ላይ ነበር፤ ማድረቂያ አልጋዎቹ ተራ በተራ ተዘርግተው፣ እሱ በመካከላቸው እየዞረ ቡናውን ያገላብጣል። በቀን ሊቆጠር በማይችል ጊዜ ይገላበጣል፤ ደመና ከመጣ ወዲያው በላስቲክ ይሸፈናል። ዝናብ ከነካው ይሻግታል፤ ከሻገተ የዓመት ልፋት ነው የሚሻግተው። የዋዜማ ዕለት አንድ ቀን ፈቃድ እንዲጠይቅ ለመንነው። ጠይቋል። መልሱን ሳይነግረን አልጋዎቹን በአገጩ አሳየን። "እኔ ከሄድኩ ማን ይሸፍነዋል?"

ሻይ ቤት የለም። በቅመም የፈላ የቡና ቅጠል፣ ጨሞ፣ በጣሳ አመጣልን። ስለ ጋሼ ነገርነው። ጥቂት ዝም ብሎ መሬት መሬት አየ። ከዚያ እጁ ከቡናው ሳይነሳ፣ ጀመረው። ባሱን። ከ11 ዓመት በፊት ከስኩዌር ደብተር ላይ፣ በጥቁር እስክሪብቶ ከተጻፈው የተማረውን፣ ሌሎቹ ሦስት ድምፆች የሚያርፉበትን ዕረፍት ሳይቀር እየቆጠረ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘመረው። ብቻውን ሲሰማ ባስ ዜማ አይመስልም፤ የሆነ ሰው ለብቻው ስልክ የሚያወራ ነው የሚመስለው፤ የወዲያኛውን ሰው መልስ አንተ በልብህ ትሞላለህ። እኛም ሞላንለት። ከጎኑ ቡና የምትለቅም እናት "ምን ሆኖ ነው?" ብላ ጠየቀችን።

"ጋሼ ደህና ይሆናሉ?" አለን ስንሄድ። "ይሆናሉ" አልን። የማናውቀውን ነው ያልነው።

ሲመሽ ሚዛን ተመለስን። የመፍትሔው ነገር ግን ገበያ ውስጥ ነበር የጠበቀን። ኦርጋን ተጫዋቻችን ነጠላ ልታሠራ የምትሄድበት የዶርዜ ሸማኔ አለ። ችግራችንን ስታጫውተው ሳቀ። ጋሞ ደጋ ላይ ዶርዜዎች ብዙ ሆነው ሲዘፍኑ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ይዞ ከሌላው ጋር እየተጠላለፈ ነው የሚዘፍነው፤ ይህ ደግሞ ከውጭ የመጡ የሙዚቃ አጥኚዎች ጭምር ከአርባና ሃምሳ ዓመት በፊት መጥተው የቀረጹት ነገር ነው። እኛ "አራት ድምፅ" ማለት የፈረንጅ ነገር ይመስለን ነበር። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ሁሉም በአንድ መሥመር ነው የሚሄድ፤ ጥልቀቱን የሚፈልገው በዚያው በአንዱ መሥመር ውስጥ ነው። እዚሁ አገር፣ ከኛ ምሥራቅ በኩል ባለው ደጋ ላይ ግን ሸማኔ ሁሉ ባለ ብዙ ድምፅ ነው። ሰውየው ያላት ይህችን ናት፦ "እኛ ዘንድ አንዱ ቢቀር ቦታውን አንሞላም። ሌሎቹ ጠጋ ይላሉ።"

ጠጋ ይላሉ! የባሱን አገባብ ለኦርጋኗ ግራ እጅ ሰጠን፤ ባዶ ቦታ ያለበት ላይ ደግሞ ቴነሮቹ ዝቅ ብለው እንዲጠጉ አደረግን። ቬኒስ ውስጥ ቪቫልዲ ያስተምርባት በነበረችው የሴት ልጆች ማሳደጊያም፣ ፒየታ፣ የሚዘምሩት ሴቶች ብቻ ሆነው ሳለ ኖታው የቴነርና የባስ መሥመር አለው። ምን ያደርጉ ነበር የሚለው ዛሬም ያከራክራል። አንዳንድ አጥኚዎች ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሴቶች ነበሩ ይላሉ፤ ሌሎቹ ባሱን ከፍ አድርገው ይዘምሩትና ሥሩን መሣሪያ ይይዘዋል ይላሉ። እኛም መሣሪያ አለን ብለን ተማመንን።

ዋዜማ

አዳራሹ ሞልቷል። ዝናብ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል። ጋሼ ፊት ለፊት፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ተደርጎላቸው፣ ደብተሩን በግራ እጃቸው ይዘዋል። ሞንታርቦው ተስተካከለ። ኦርጋኗ ገባች።

ጥሩ ጀመርን። እውነት ለመናገር ካሰብነው በላይ። ሰው ብድግ አለ። ("ሃሌሉያ" ሲዘመር መቆም ንጉሥ ጆርጅ ዳግማዊ ለንደን ላይ ስለቆሙ የመጣ ነው ይባላል፤ በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ ግን የለውም። የሚዛን ሰው የቆመው ጋሼ ሊቆሙ ሲታገሉ አይቶ ነው።) ሶፕራኖዎቹ "የነገሥታት ንጉሥ" ላይ ደርሰው መሰላሉን ወጡ። እናም ልክ እዚያ፣ ጫፉ ላይ...

መብራት ሄደ።

ኦርጋኗ ሞተች። ግራ እጅ የለም። ባስ የለም። ኦርጋኗ በስድስት የባትሪ ድንጋይ ትሠራለች፤ ድንጋዮቹን ግን ከሰዓት በኋላ ለእጅ ባትሪ አውጥተናቸው ነበር። ከበሮው ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻውን መታና አፍሮ ዝም አለ። የሚሰማው ዝናቡ ብቻ ነው። የአንድ ደቂቃ ያህል ምንም የለም። አልቶዋ በሹክሹክታ "አሁን ማነው ጀማሪው?" አለች።

የስልክ መብራቶች አንድ በአንድ በሩ። ሁሉም የተቀሰሩት ወደኛ ነው። ከኛ አንዱ ዞር ሲል ጋሼን አየ። ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ደብተሩን ወንበሩ ላይ አስቀምጠውታል። ግራ እጃቸውን አንሥተው፣ እንደ ድሮው ጣታቸውን ቀስረው፣ ወደ ቴነሮቹ አመለከቱ። ወደ እኛ። ከዚያ እጃቸው ወረደ። ከመጀመሪያው ማለታቸው ነው።

ከመጀመሪያው ጀመርነው። ድምፅ የሚሰጠን የለምና ከየት እንደጀመርን እግዜር ይወቅ። "ይነግሣልና" ላይ ስንደርስ ሁለት ቴነሮች የባሱን ገባን፤ ቀጥሎ የራሳችንን መግባት ነበረብን፤ አንዱ ባስ ላይ ቀረ፣ አንዱ ወደ ቴነር ሸሸ፤ አልቶዎቹ ቸኮሉ፤ ሶፕራኖዎቹ ግን ልክ ቦታቸው ላይ ገቡ። ለዓለመ ዓለም። ከዝናቡ በላይ ይሁን ከዝናቡ በታች አናውቅም። ደረስን ብቻ።

ጭብጨባው ሲበርድ ተጠጋናቸው። ምስጋና ጠብቀን ነበር፤ ለምን እንዋሻለን። ጋሼ ትንፋሻቸውን ሰብስበው "አልቶዎች... ቸኩላችኋል" አሉ። ከዚያ "ባሱስ?"

"ቡና ላይ ነው ጋሼ።"

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ቆይተው፦ "እሱ... አይሳሳትም ነበር።"

ከዚያ ወዲያ

በማግሥቱ አንዱ ልጅ በስልክ የቀዳውን ከኖታው ጋር አስተያየነው። ኦርጋን ተጫዋቻችን ደጋግማ ሰማችውና ሳቀች። ያለ ኦርጋን ስንጀምር ከተጻፈው ግማሽ ድምፅ ገደማ ዝቅ ብለን ነው የጀመርነው። ለዚያ ነው ሶፕራኖዎቹ ሳይጮኹ የወጡት! ወር ሙሉ ልጆቹን ስናንጠራራ የነበርነው ኦርጋኗን ተከትለን ነው። ይባስ ብሎ የሃንደል ዘመን ሰዎች ራሳቸው ከዛሬው ዝቅ ያለ ድምፅ ነበራቸው። በስሙ የሚታወቅ፣ እ.ኤ.አ. የ1751፣ በሹካ ቅርፅ የተሠራ የድምፅ መቃኛ ብረት አለ፤ "ላ" በሱ ላይ በሰከንድ 422.5 ንዝረት ነው። ዛሬ 440 ነው። መብራት ኃይል ሳያውቀው ወደ ሃንደል አስጠግቶናል ማለት ነው።

ቅጂውን ለባሳችን ላክንለት። ኔትወርክ ያገኘው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። መልሱ ሁለት ቃል ነበር፦ "ባሱ የታለ?" ከዚያ ደግሞ፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ፣ አንድ የድምፅ መልእክት ላከ። ቅጂያችንን ከፍቶ ከላዩ ላይ የራሱን ዘምሮበታል። ከጀርባው ላስቲክ በንፋስ ሲርገበገብ ይሰማል። ዝቅ ባልንበት ልክ እሱም ዝቅ ብሏል። ለእትዬ ላክነው፤ እትዬ ለጋሼ አሰሟቸው። ምን እንዳሉ ጠየቅን። "ድገሚው ብቻ ነው የሚሉኝ" አሉ።

አራት ድምፅ ሞላ እንበል? አንልም። ሦስቱ ሚዛን፣ አንዱ ቴፒ፣ በሁለት የተለያየ ሌሊት። ጋሼ የፈለጉት በአንድ ቤት፣ በአንድ ትንፋሽ ነው። እኛም ገና ባለፈ በሦስተኛው ቀን እንደ ልማዳችን መናኸሪያ ነበርን፤ ዘንድሮ ሊሸኙን የመጡት ጋሼ አይደሉም፤ አልቶዋ ናት። በሚቀጥለው ገና እንደምትጠብቀን ነገረችን። እንዳትመጡ ብትለን ይቀለን ነበር።

ደብተሩ አሁን እሷ ጋ ነው። ቀዩ፣ ሰማያዊውና አረንጓዴው መሥመር ላይ የዘንድሮዎቹን ዘማሪዎች ስም ጽፋበታለች። ጥቁሩን ባዶ ትታዋለች።

እኛ ደግሞ ለጊዜው የቻልነውን አድርገናል። ስድስት የባትሪ ድንጋይ ገዝተን፣ "ለኦርጋን ብቻ" ብለን ጽፈንበት፣ በሚዛን አውቶቡስ ልከናል።